ምንም ነገር ደስ አልል ሲል፦ የአንጎላችሁን የኦፒዮይድ ስርዓት እንዴት ትይዙታላችሁ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወገቤን ያዘኝ። አልጋ ላይ መገላበጥ እንኳን አቃተኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ትራማዶል የሚባል ጠንከር ያለ የህመም ማስታገሻ ለአንድ ሳምንት ታዘዘልኝ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ አንድ ነገር ታወቀኝ። የቀለለው ወገቤ ብቻ አልነበረም። ለወራት ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገርም ቀለል ብሏል። ሳልመልስለት የከረምኩትን የጓደኛዬን መልእክት ከፍቼ መለስኩ። ተከምሮ የነበረውን ሰሃን አጠብኩ። እያጠብኩ ሳንጎራጉር እንደነበር የነገረችኝ እህቴ ናት፤ እኔ አላስተዋልኩትም።

ክኒኑ አለቀ። ከዚያ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የለ፣ እግሬ ይቁነጠነጣል፣ ድብርቱ ደግሞ ወለዱን ጨምሮ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ወገቤ ደህና ሆኖ ሳለ "ህመሙ አገረሸብኝ" ልል ወደ ሐኪሙ ለመሄድ ጫማዬን ሳስር ራሴን ያዝኩት።

ማንበብ የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ሐኪም አይደለሁም። ድባቴን ግን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ያነበብኩት፣ የሞከርኩትና ሐኪሜን ጠይቄ ያጣራሁት ነው። መድኃኒት የሚተካ ምክር አይደለም፤ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ይሄን አንብባችሁ እንዳታቆሙት።

መጀመሪያ እቃውን እወቁት

ኦፒዮይድ ማለት እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያሉት የሚመደቡበት ወገን ነው። አንጎላችሁ የራሱን ኦፒዮይድ ይሰራል። ምሳሌ እየሰጠሁ አይደለም፣ በቀጥታ ነው የምናገረው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባልቲሞር ውስጥ ካንዴስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር፣ ኒውዮርክ ውስጥ ኤሪክ ሳይመን፣ ስዊድን ውስጥ ደግሞ ላርስ ቴሬኒየስ፣ ሞርፊን የሚያርፍባቸውን መቀበያዎች አንጎል ውስጥ ማግኘታቸውን በየፊናቸው አሳወቁ። ታዲያ ጥያቄው ወዲያው መጣ። ከተክል ለሚገኝ ነገር አንጎል ምን ቤት ነኝ ብሎ መቀበያ ያዘጋጃል? የራሱ ቢኖረው ነው እንጂ። እውነትም ከሁለት ዓመት በኋላ ስኮትላንድ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ ከአሳማ አንጎል ኤንኬፋሊን የሚባለውን ለይተው አወጡ። ቀጥሎ ኢንዶርፊን መጣ፤ ስሙ ራሱ "ከውስጥ የሚመነጭ ሞርፊን" ከሚለው ተቆርጦ የተሰራ ነው። ከዚያ ዳይኖርፊን።

ዋናዎቹ መቀበያዎች ሦስት ናቸው፤ ሙ፣ ዴልታና ካፓ። ለእኛ ጉዳይ ሙና ካፓን ከያዛችሁ ይበቃል።

ሙ እፎይታ ነው። ህመም ሲቀል፣ የናፈቃችሁት ሰው በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ከብርድ መጥታችሁ ሙቅ ውኃ ስር ስትቆሙ የሚመጣው "እፎይ" የሙ እጅ አለበት። ሞርፊንም ትራማዶልም ዋና ስራቸውን የሚሰሩት በዚሁ በር ገብተው ነው።

ካፓ የዚህ ግልባጭ ነው። ዳይኖርፊን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ጭንቀት ሲበዛና መውጫ ሲጠፋ ይለቀቃል። ካፓን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ጤነኛ ሰዎች ሲወስዱት ደስታ አላገኙበትም፤ ቅር ቅር የሚል፣ ሁሉ ነገር የሚያስጠላበት ስሜት ነው ያገኙት። ስለዚህ "ኦፒዮይድ ማለት የደስታ ኬሚካል ነው" የሚላችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

እዚህ ላይ ዶፓሚን የሚባለው ሌላው የአንጎል ኬሚካል የት ሄደ የሚል አይጠፋም። ሰው ደስታን ሁሉ ዶፓሚን ላይ ማላከክ ለምዷል። ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሰራው ኬንት ቤሪጅ አይጦች ላይ ያሳየው ነገር ግን ሌላ ነው። ዶፓሚናቸው የጠፋ አይጦች ጣፋጭ ነገር አፋቸው ውስጥ ሲደረግላቸው ከንፈራቸውን ይልሳሉ፣ ጥሟቸዋል። ግን ራሳቸው ተነስተው ሁለት እርምጃ ሄደው አይበሉም። ኦፒዮይድ ደግሞ በትክክለኛዋ የአንጎል ነጥብ ላይ ጠብ ሲደረግላቸው መላሱ ይጨምራል። እኔ እንዲህ ነው የማስታውሰው፤ ዶፓሚን "ተነስ፣ ሂድ" ባይ ነው፣ ኦፒዮይድ "እሰይ" ባይ።

ይሄን መለየት ለምን ይጠቅማል? አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። በፊት የምትወዱትን ነገር አሁን ሰው ተሸክሞ እጃችሁ ላይ ቢያስቀምጥላችሁ ትደሰቱበታላችሁ? "አዎ፣ ብቻ ተነስቼ መሄድ ነው ያቃተኝ" ካላችሁ ችግሩ መነሳቱ ላይ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ የሚጎትታችሁ ሰው፣ የተቀጠረ ሰዓት፣ በር ላይ የተቀመጠ ጫማ ነው። "እዚያው መሀሉ ተቀምጬም ምንም አይሰማኝ" ካላችሁ ደግሞ እሰይ ባዩ ዝም ብሏል ማለት ነው። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ይሄ ምርመራ አይደለም፣ ሁለቱ ተደባልቀው ሊመጡም ይችላሉ። ግን ሐኪም ፊት ስትቀመጡ "ደበረኝ" ከማለት እጅግ የተሻለ መረጃ ነው።

ከድባቴ ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ከባድ ሀዘን ለያዘው ሰው ሞርፊን የሚወጣበትን ኦፒየም በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ ይሰጡ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ያወርዱ ነበር። ይሄ ልማድ በ1950ዎቹ ዘመናዊዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች እስኪመጡ ድረስ ጭራሹን አልጠፋም። ያኔ እንዴት እንደሚሰራ የሚያውቅ አልነበረም። ሱስ እንደሚያስይዝ ግን ያውቁ ነበር።

በእኛ ዘመን ከተሰሩት ውስጥ እኔን የያዘኝ ሚቺጋን ውስጥ እነ ዴቪድ ሱ የሰሩት ነው። ሰዎች የፍቅር ጓደኛ መፈለጊያ ላይ እንዳሉ ያሉ ፎቶዎችና መግለጫዎች ይታዩዋቸውና የወደዱትን ይመርጣሉ። ከዚያ የአንጎል ምስል የሚያነሳው ማሽን ውስጥ ተኝተው "ያ የወደድከው ሰው አልወደደህም" ይባላሉ። ልብ በሉ፣ የውሸት መሆኑ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል! እንዲያም ሆኖ ያማቸዋል። ጤነኞቹ ላይ አንጎል ወዲያው የራሱን ኦፒዮይድ በሙ በኩል ይለቅቃል፣ ልክ የተቀጠቀጠ ጣት ላይ እንደሚያደርገው። ያ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። በ2015 ያወጡት ደግሞ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ እነሱ ላይ የሚለቀቀው አንሶ ተገኘ። ማለትም መገፋቱ እኩል ይደርስባቸዋል፣ ማስታገሻው ግን በወጉ አይደርስላቸውም።

ሌላም አለ። "ወዶሃል" ሲባሉ ድባቴ ያለባቸውም ደስ ብሏቸዋል። ቶሎ ነው የጠፋባቸው እንጂ። ይሄን ሳነብ ለሁለት ቀን ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ሰው ግብዣ ላይ ሲስቅ አይቶ "አንተማ ምን ሆነህ፣ ደህና አይደለህ" ብሎ የሚፈርድብን ነገር መልስ እዚያ አለና። ሳቁ ውሸት አልነበረም። በር ላይ ስንደርስ አልቆ ነው።

ድባቴ ግን "ኢንዶርፊን አነሰ" በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም። ሴሮቶኒን የሚባለው ሌላ የአንጎል ኬሚካል አለ፣ የጭንቀት ሆርሞኖች አሉ፣ ዘር አለ፣ የደረሰባችሁ ነገር አለ። ኦፒዮይድ ከነዚህ አንዱ ክር ነው። ስለዚህ "የኢንዶርፊን ምርመራ እንሰራለን" ወይም "ኢንዶርፊን የሚጨምር ክኒን እንሸጣለን" ለሚል ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ደም ውስጥ ያለው ኢንዶርፊን አንጎል ውስጥ ስላለው ብዙ አይናገርም፣ ወደ አንጎል የሚያስገባውን አጥርም በቀላሉ አያልፍም።

ከሰው ጋር፣ ግን ጎን ለጎን

ሙን ያለ ክኒን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አብዛኞቹ ሰው ይፈልጋሉ። ፊንላንድ ቱርኩ ውስጥ ጓደኛሞችን ሰብስበው ግማሽ ሰዓት አስቂኝ ነገር አሳዩአቸውና ከሳቁ በኋላ አንጎላቸው ውስጥ የኦፒዮይድ መለቀቅን በምስል አዩ። ኦክስፎርድ ውስጥ ደግሞ ቀዛፊዎች ብቻቸውን ሲቀዝፉና በቡድን እኩል ሲቀዝፉ ተለኩ። ድካሙ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አብረው ከቀዘፉ በኋላ ህመም የመቻል አቅማቸው ከብቻቸው ይልቅ ጨምሮ ተገኘ። ህመም መቻል የኦፒዮይድ በተዘዋዋሪ መለኪያ ነው፣ በቀጥታ አይደለም። ግን መዘመርም መደነስም፣ እኩል መንቀሳቀስ ያለበት ነገር ሁሉ ወደዚያው ያመለክታል።

አሁን ይሄን ይዛችሁ ሄዳችሁ መዘምራን ውስጥ ተመዝገቡ ልላችሁ አይደለም። ድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ሲጠራ ስልኩን ትራስ ስር የሚደብቅ ሰው ነው። አውቃለሁ፣ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ከታች ጀምሩ። ሰው ብዛቱ አንድ። ጊዜው ሃያ ደቂቃ። ፊት ለፊት ተቀምጦ ማውራት ሳይሆን ጎን ለጎን ሆኖ የሆነ ነገር መስራት። ፊት ለፊት ስትሆኑ ፊታችሁን ማስተካከል አለባችሁ፣ ጥያቄ አለ፣ "እንዴት ነህ" አለ። ጎን ለጎን ሲሆን ስራው ያወራል። እኔና ጓደኛዬ ያደረግነው ይሄን ነበር፤ ማክሰኞ ማታ ስልክ እንደዋወልና ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን እሷ እዚያ እኔ እዚህ የታጠበ ልብስ እናጥፋለን። አንዳንዴ አስር ደቂቃ ሙሉ ማናችንም አንናገርም። የጨርቅ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ቀን አንድ እግር ካልሲ ጎደለባትና ሃያ ደቂቃ እየተሳደበች ስትፈልግ ሳቅኩ፣ ከልቤ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ስልኩን ያነሳሁት በመጀመሪያው ጥሪ ነው።

ደስታው ቶሎ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ የሚያዋጣው አጭርና ተደጋጋሚ ነገር ነው። በወር አንዴ ትልቅ ድግስ ከመጠበቅ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ይሻላል።

መነካትም እዚሁ ይገባል። ዝንጀሮዎች እርስ በርስ ጸጉራቸውን ሲዳብሱ ኢንዶርፊናቸው ከፍ ይላል። የእኛም ቆዳ በዝግታ ሲዳበስ ይበልጥ የሚነቁ ነርቮች አሉት። የምታምኑት ሰው እጁን ትከሻችሁ ላይ ካደረገ አትቸኩሉ፣ ይቆይ። መነካት የማይመቻችሁ ወይም በዚያ በኩል ክፉ ትዝታ ያላችሁ ካላችሁ ይሄን እለፉት፣ ግዴታ አይደለም።

ሩጡ የሚላችሁን ሰው ግማሹን ብቻ ስሙት

"ሩጥ፣ ኢንዶርፊን ይለቀቅልሃል" የሚለው ምክር ከየት መጣ? ሯጮች እንደሚሉት አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰውነታቸው ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ጀርመኖች 10 ሯጮችን ከሁለት ሰዓት ሩጫ በኋላ አንጎላቸውን አይተው ኦፒዮይድ መለቀቁንና ከደስታቸው ጋር መገናኘቱን አሳይተዋል። እሰዬው። ግን ሁለት ነገር ጨምሩበት። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ሯጮችን የኦፒዮይድ በር የሚዘጋውን ናልትሬክሶን አስውጦ አስሮጣቸውና ደስታው አልጠፋም፤ ስለዚህ ሌላ ኬሚካልም አለበት ማለት ነው፣ ሰውነት የሚሰራው ከካናቢስ ጋር የሚመሳሰለው ይጠረጠራል። ሁለተኛው የፊንላንዶቹ ነው። በጣም ኃይለኛ ልምምድ ካሰሯቸው በኋላ ኦፒዮይዱ ተለቅቋል፣ ሰዎቹ ግን የተሰማቸው መጥፎ ነው! አንጎል ማስታገሻ የለቀቀው ስለተሰቃየ ነዋ።

ስለዚህ ከድባቴ ጋር ስትሆኑ ራሳችሁን አታስጨንቁ። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ፍጥነት ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት አስር ደቂቃ። አምስት ደቂቃ ሄዳችሁ ዙሩና ተመለሱ፣ አለቀ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፤ ያ የሚደረስበት ነው እንጂ የሚጀመርበት አይደለም።

ሳትሄዱ አትፍረዱ

እሰይ ባዩ ዝም ሲል አንጎል ነገ የሚሆነውን ሁሉ "ምን ሊጠቅመኝ" ብሎ ይገምታል። ግምቱን ማመን የለባችሁም፣ ማስረጃ ያዙበት እንጂ። ደብተር ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት "ስንት ደስ ይለኛል" ብላችሁ ከ0 እስከ 10 ጻፉ። ስትመለሱ የሆነውን ከጎኑ ጻፉ።

የእኔን ልገልብጥላችሁ፦

እግር ጉዞ፣ ሰኞ፦ ገመትኩ 1፣ ሆነ 3።
ልብስ ማጠፍ በስልክ፦ ገመትኩ 2፣ ሆነ 5 (ካልሲው)።
ልደት ግብዣ፦ ገመትኩ 4፣ ሆነ 2፣ ቶሎ ወጣሁ።
ገላ መታጠብ፦ ገመትኩ 0፣ ሆነ 3።

ቁጥሮቹ ትንሽ ናቸው። ከ3 አልፎ የሄደው አንዱ ብቻ ነው። ግን ከአራቱ ሦስቱ ላይ ግምቴ ወደ ታች ተሳስቷል። ይሄን ደብተር ላይ በራሳችሁ የእጅ ጽሑፍ ስታዩት፣ ሰው "አይዞህ ይሻልሃል" ካላችሁ የበለጠ ታምኑታላችሁ። የልደት ግብዣውን ደግሞ እዩት፤ የማይሰራላችሁንም ያሳያችኋል። ባለሙያዎች ይሄን ዓይነቱን ስራ የባህሪ ማነቃቂያ ይሉታል፤ ለድባቴ ከሚሰሩ የንግግር ህክምናዎች አንዱ ነው፣ ከባለሙያ ጋር ቢደረግ ይበልጥ ጥሩ።

ካፓን አታባብሉት

ብዙ ሰው "ደስታ ልጨምር" ብሎ ይታገላል እንጂ የሚያፍነውን ነገር መቀነስ ትዝ አይለውም። እንስሳት ላይ እንደታየው፣ ማምለጫ የሌለው ጭንቀት ሲደጋገም ዳይኖርፊን ይጨምራል፣ እንስሳውም ተስፋ የቆረጠ ይመስላል። የካፓ በር አስቀድሞ ሲዘጋለት ግን ያ ተስፋ መቁረጥ ይቀንሳል። ዋናው ቃል "ማምለጫ የሌለው" የሚለው ነው። ጭንቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ሩጫ ውድድርም ጭንቀት ነው።

ወረቀት ላይ የሚያስጨንቋችሁን ሁሉ ጻፉና አንዷን ምረጡ። ትልቋን አይደለም። እንድትንቀሳቀስ ልታደርጓት የምትችሉትን። እኔ ዘንድ ሦስት ወር ሳይከፈት የተቀመጠ ፖስታ ነበረ። ዕዳ ነው ብዬ ፈርቼው። እህቴ ከፈተችው፣ ዕዳው እንደፈራሁት ነበር፣ በየወሩ ለመክፈል ተስማማሁ። ዕዳው አልቀነሰም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንቃቴ ግን ቆመ።

አልኮል ላይ አንድ ነገር ልበል። አልኮል ኢንዶርፊን ያስለቅቃል፣ ለዚህም ነው ናልትሬክሶን ለመጠጥ ሱስ መድኃኒት የሆነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሲደጋገም ግን ካፓና ዳይኖርፊን እየበረቱ ይመጣሉ። ማታ የተበደራችሁትን ጠዋት ትከፍላላችሁ።

ማስታገሻው ላይ እጃችሁን ሰብስቡ

እዚህ ጋ ረዘም ልል ነው፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

እንደ እኔ ትራማዶል ወይም ኮዴይን ወስዳችሁ ስሜታችሁ ከቀለለ፣ የሆናችሁት ነገር እውነት ነው፣ አልተሳሳታችሁም። መድኃኒቱ ገብቶ የሙን በር ከፍቷል። ችግሩ አንጎል ዝም ብሎ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። በየቀኑ ከውጭ ሲመጣለት የራሱን ምላሽ ያደነዝዛል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ሲቋረጥ ደግሞ ስሜቱ ከመነሻው በታች ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ የብዙ ታካሚዎች መዝገብ የታየባቸው ጥናቶች፣ ከ30 ቀን በላይ ኦፒዮይድ የወሰዱ ሰዎች ቀድሞ ባይኖርባቸውም አዲስ ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው እንደጨመረ አሳይተዋል። ለድብርት የተወሰደ ማስታገሻ ድብርት ወላጅ ነው።

የድባቴ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ትራማዶል ሴሮቶኒንንም ይነካል። ሴሮቶኒን ላይ ከሚሰሩ የድባቴ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ወይም ሴሮቶኒን ከልክ ሲያልፍ ላብ፣ ትኩሳት፣ የልብ መፍጠን፣ መርበትበትና የጡንቻ መንቀጥቀጥ ይመጣሉ። እንዲህ ከሆናችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ደግሞ ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚቀይርበትን መንገድ ይዘጋሉ። ያኔ ኮዴይኑ አልሰራ ይልና ሰው መጠን ይጨምራል። አትጨምሩ፣ ለሐኪሙ ንገሩት።

ቲያኔፕቲን የሚባለውንም ተጠንቀቁ። በአንዳንድ አገሮች በሐኪም የሚታዘዝ የድባቴ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ግን የሚሰራው በሙ በኩል መሆኑ ታወቀ፤ አሜሪካ ውስጥ "ተጨማሪ ምግብ" ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ሰው በሱስ ተይዟል፣ የመድኃኒት ባለሥልጣኑም ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ኢንተርኔት ላይ "ተፈጥሯዊ የስሜት ማነቃቂያ" ተብሎ ቢመጣላችሁ ዝጉት።

አሁን ለረጅም ጊዜ ኦፒዮይድ እየወሰዳችሁ ከሆነ ይሄን አንብባችሁ ዛሬ ማታ አትጣሉት። በድንገት ማቆም ስቃይ ነው፣ ከዚያ ተመልሶ የበፊቱን መጠን መውሰድ ደግሞ ሊገድል ይችላል፣ ሰውነት መቻሉን ረስቷልና። ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው። ከእንቅልፍ መድኃኒትና ከአልኮል ጋር አታደባልቁት። ኦፒዮይድ የወሰደ ሰው ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ አምቡላንስ ጥሩ፤ ናሎክሶን የሚባለው ማክሸፊያ ካለ ስጡት፣ ብቻውንም አትተዉት።

ታዲያ ለምን መድኃኒት አይሰሩበትም?

እየሞከሩ ነው። ቡፕሬኖርፊን የሚባለው ኦፒዮይድ ሙን በግማሽ ይከፍታል፣ ካፓን ይዘጋል፤ ወረቀት ላይ ስታዩት ለድባቴ የተሰራ ይመስላል። ሳሚዶርፋን ከሚባል ሌላ መድኃኒት ጋር ተደባልቆ ለፈቃድ ቀርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪ ኮሚቴ 21 ለ 2 ተቃወመው፣ በ2019 መጀመሪያ ላይ ፈቃዱ ተከለከለ። ካፓን ብቻ የሚዘጉት ናቫካፕራንትና አቲካፕራንት ትልቅ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ የአንዱ ትልቅ ሙከራ ውጤት አላመጣም፣ የሌላው ደግሞ ተቋረጠ። ወደፊት የሚመጣ ካለ እሰየው። አሁን ግን ያሉት መድኃኒቶች ሌሎቹ ናቸው፣ ለብዙ ሰው ይሰራሉ፣ ለመስራት ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ

የምታምኑት ሰው ምረጡ። ለጨዋነት ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 መንጋጋ ጥርስ ለተነቀሉ ሰዎች የውሸት ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ህመሙ ቀለላቸው፤ ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ማስታገሱ ከሸፈ። ማለት እምነቱ ራሱ ኦፒዮይድ አስለቅቆ ነበር። በ2015 ደግሞ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ባዶ ክኒን ሲሰጣቸው አንጎላቸው ኦፒዮይድ የለቀቀ ከሆነ፣ በኋላ እውነተኛውን መድኃኒት ሲጀምሩ የተሻለ ለውጥ አሳይተዋል። ሐኪሙ ሰዓቱን እያየ የሚያናግራችሁ ከሆነና መቀየር ከቻላችሁ ቀይሩ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ የምትወስዱት ክኒን ሁሉ፣ ከጎረቤት የለመናችሁትም ቢሆን፣ የሳል ሽሮፕም ቢሆን። ደብተሩን። መነሳቱ ነው የሚያቅታችሁ ወይስ መጣሙ የሚለውን መልስ። ምልክቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ የቆየበትን ጊዜ። ራሳችሁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩና ሰውዬው አብሯችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

"ማስታገሻው ስሜቴን አቀለለው፣ ሌላም ልገዛ ነበር" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አትደብቋት። እኔ ስድስት ወር ደበቅኳት። ሱሰኛ ይሉኛል ብዬ ነው። በመጨረሻ ሳወጣት ሐኪሟ አልደነገጠችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ስንት ቀን ነበር የወሰዱት? ከዚያ በፊትስ ስንት ጊዜ ደብሮዎት ነበር?" አለችኝ፣ ከዚያ ስለ ወገቤ ሳይሆን ስለ ወራቱ አርባ ደቂቃ ጠየቀችኝ። ስወጣ ትንሽ ወረቀት ላይ የምወስደውን የድባቴ መድኃኒት ስምና "ትራማዶል አይሰጥ፣ ይደወልልኝ" ብላ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ጠርዙ ተበልቷል፣ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ባለፈው ወር ጥርስ ልነቀል ስሄድ ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ ያሳየሁት እሱን ነው።